«አይሪስ» ስንል ምን ማለታችን ነው? ብሌን፣ ቀስተ ደመና ወይስ አበባ?

የቂሊንጦው ተማሪ

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ የመድረኩ ተሳታፊዎች። ስለ አንድ ቃል ሁለት ሳምንት ሙሉ ሳሰላስል ቆይቼ፣ ከእኔ የተሻለ የምታውቁ ብትኖሩ ብዬ ነው ይህን የምጽፈው።

የምኖረው ከእናቴ ጋር በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ሲሆን፣ ቂሊንጦ የኮምፒውተር ትምህርት እከታተላለሁ። እናቴ ከስምንት ወር በፊት የግራ ዓይኗን ሞራ ተገፍፋ አሁን በመልካም ሁኔታ ላይ ትገኛለች። ለፋይዳ መታወቂያ ልትመዘገብ አብረን በሄድንበት ዕለት የአሥር ጣቶቿን አሻራ ከሰጠች በኋላ፣ መዝጋቢው ወጣት በትሕትና «እማማ፣ አሁን ደግሞ አይሪስ እናነሳለን» አላት። እሷም «አይሪስ ምንድን ነው ልጄ?» ብላ ጠየቀችው። ልጁ ጥቂት አሰበና «የዓይን ብሌን ማለት ነው» ሲል መለሰላት። ይኼኔ እናቴ ደንግጣ ሁለቱንም እጆቿን ዓይኗ ላይ አደረገችና «ብሌኔንስ አላስነካም፤ ገና ከሕክምና መውጣቴ ነው» አለች። «እናነሳለን» የሚለውን ቃል ልጁ የተናገረው ፎቶግራፍ ለማለት ነበር፤ እሷ ግን በሬዲዮ «የዓይን ብሌን ልገሳ» እየተባለ የሚነገረውን ታውቃለችና የሰማችው ከዓይን ላይ ተገፎ የሚነሳ ነገር ነው። መዝጋቢውም ተሳሳተ ልል አልችልም፣ እናቴም ያለ ምክንያት አልፈራችም። ነገሩ ፎቶግራፍ መሆኑን ካስረዳኋት በኋላ ያለ ችግር ተነሳች።

እኔ ግን በዚያው ሳምንት ክፍል ውስጥ ይህንኑ ቃል ከሌላ ነገር ጋር ይዤው ነበር። ኮምፒውተርን መረጃ እያሳዩ ማስተማር የሚጀምር ተማሪ ሁሉ ከሚያገኛቸው የመጀመሪያ ሰንጠረዦች አንዱ «አይሪስ» ይባላል። የ150 አበቦች ልኬት ሲሆን፣ ከሦስት ዝርያዎች ሃምሳ ሃምሳ አበባ ተወስዶ የእያንዳንዱ የውጭና የውስጥ ቅጠል ርዝመትና ስፋት ተመዝግቦበታል። ሰንጠረዡን የታወቀ ያደረገው እንግሊዛዊው የስታቲስቲክስ ሊቅ ሮናልድ ፊሸር እ.ኤ.አ. በ1936 ባሳተመው ጽሑፍ ነው፤ አበቦቹን የለካው ግን ኤድጋር አንደርሰን የተባለ አሜሪካዊ የዕፀዋት ተመራማሪ ነበር። እንግዲህ እኔ አንድም ቀን በዓይኔ ያላየሁትን አበባ ርዝመት በሚሊሜትር አውቃለሁ፣ እናቴ ደግሞ ዕድሜዋን ሙሉ ይዛው የኖረችውን የዓይኗን ክፍል በስሙ አታውቀውም።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። አበባውንና ዓይኑን በአንድ ስም ያገናኛቸው ምንድን ነው? ለዓይኑ ክፍልስ ከብሌን የተለየ የራሱ የአማርኛ ስም አለው ወይ?

አንጋፋው መምህር፣ ሰበታ

ልጄ፣ ጥያቄህ ጥሩ ነው፤ እናትህንም እግዚአብሔር ዕድሜ ከጤና ይስጥልኝ።

ቃሉ ከግሪክ የመጣ ሲሆን በግሪክኛ «ኢሪስ» ማለት ቀስተ ደመና ነው። የጥንት ግሪኮች ቀስተ ደመናን በሴት አምሳል አስበዋት ከአማልክቶቻቸው መልእክት ይዛ በሰማይና በምድር መካከል የምትመላለስ አድርገው ይተርኩ ነበር። ከዚህ ተነሥተው ብዙ ቀለም ያለበትን ነገር ሁሉ በእርሷ ስም ወደ መጥራት ሄዱ። አበባው ቀለሙ ስለሚበዛ፣ የዓይኑ ክበብ ደግሞ ከሰው ሰው ቀለሙ ስለሚለያይ ሁለቱም ከቀስተ ደመናዋ ስም ወሰዱ። በኋላ ዘመንም ልማዱ አልተቋረጠም፤ እንግሊዛዊው የኬሚስትሪ ሊቅ ስሚዝሰን ቴናንት እ.ኤ.አ. በ1803 አንድ አዲስ ብረት ሲያገኝ፣ ከብረቱ የሚወጡት ጨዎች ቀለማቸው ልዩ ልዩ ሆኖ ቢያየው «ኢሪዲየም» ብሎታል። አጻጻፉን በሚመለከት «አይሪስ» የእንግሊዞች አነባበብ መሆኑን፣ ግሪኩም ላቲኑም ፈረንሳይኛውም «ኢሪስ» እንደሚሉ ልብ ይሏል።

አሁን በመጻሕፍት ወደምናውቀው እንምጣ። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 9 እግዚአብሔር ለኖኅ «ቀስቴን በደመና አድርጌአለሁ» ሲለው የግሪኩ ትርጉም የሚጠቀመው «ቶክሶን» የሚለውን ቃል ነው፤ ይህም የተዋጊ ቀስት ነው። በዮሐንስ ራእይ ምዕራፍ 4 ቁጥር 3 ላይ ግን «በዙፋኑም ዙሪያ መረግድን የመሰለ ቀስተ ደመና ነበረ» የሚለውን ግሪኩ «ኢሪስ» ብሎ ጽፎታል። በአማርኛችን ሁለቱም ቀስተ ደመና ሆነው ስለሚነበቡ ልዩነቱ አይታየንም። ይሁንና የጦር ቀስት ምንጊዜም ጎባጣ ነው፣ ሁለት ጫፍ አለው፤ በዙፋኑ ዙሪያ ያለው ግን የሚከብ ነገር ነው። ስለዚህ ዓይንን ስታስብ ቀስቱን ትተህ ክቡን ያዝ።

ብሌንን በተመለከተ ደግሞ፣ ዳዊት የደገመ ሁሉ «ዕቀበኒ ከመ ብንተ ዓይን» የሚለውን ያስታውሳል፤ አማርኛው «እንደ ዓይን ብሌን ጠብቀኝ» ይላል። «ብንት» ከሴት ልጅ ስም ጋር የተዛመደ ቃል ነው። ግሪኮችም «ኮሬ»፣ ሮማውያንም «ፑፒላ» ሲሉት የሁለቱም ፍቺ ትንሽ ልጃገረድ ነው። የሰውን ዓይን በቅርብ የተመለከተ ሰው በመካከሉ ባለው ጥቁር ውስጥ የራሱን ምስል እንደ ትንሽ ልጅ ሆኖ ያያልና ነው። እንግዲህ ብሌን በመጽሐፍ አገባቡ መካከለኛው ጥቁር ነው፤ በዙሪያው ያለው ባለ ቀለም ክበብ አይደለም።

የዓይን ነርሷ፣ ዓለም ገና

መምህር፣ ለዚህ ትምህርት ከልብ አመሰግናለሁ። እኔ የምሠራው በዓይን ሕክምና ነውና ይህ የስም መደበላለቅ በየቀኑ ምን እንደሚያደርገን ልናገር።

ዓይንን ከፊት ወደ ኋላ ስንመለከተው መጀመሪያ የምናገኘው ኮርኒያ ነው፤ እንደ ሰዓት መስታወት ጥርት ያለ፣ መካከሉ ላይ ግማሽ ሚሊሜትር ያህል ውፍረት ያለው ሽፋን ነው። ከኮርኒያው በስተኋላ፣ በጥቂት ንጹሕ ፈሳሽ ተለይቶ አይሪስ ይገኛል፤ ከዳር እስከ ዳር 12 ሚሊሜትር ያህል የሚሆን፣ መካከሉ ክፍት የሆነ ባለ ቀለም ክበብ ነው። መካከሉ ላይ ጥቁር ሆኖ የሚታየን ደግሞ ራሱን የቻለ አካል ሳይሆን ብርሃን ወደ ውስጥ የሚገባበት ቀዳዳ ነው። ከቀዳዳው ኋላ የተፈጥሮ ሌንሳችን አለ፤ ሞራ የሚባለው በሽታ የዚህ ሌንስ መደፍረስ ነው። የወንድማችን እናት ሞራቸው ከተገፈፈ በኋላ አይሪሳቸው ያለ ችግር መነሣቱም ስለዚህ ነው፤ ሌንሱ ያለው ከአይሪሱ ኋላ ነውና ሰው ሠራሽ ሌንስ ቢተካበትም የፊቱ ክበብ እንዳለ ይቆያል።

አሁን የአማርኛችንን ችግር ተመልከቱ። በመጽሐፍ ቅዱስ ብሌን ቀዳዳው ነው። በዜናና በልገሳ ቅስቀሳ ብሌን ኮርኒያ ነው፤ ከሞተ ሰው ተወስዶ ለሕያው የሚተከለው እርሱ ነውና። በመታወቂያ ምዝገባ ደግሞ ብሌን አይሪስ ሆነ። አንድ ቃል ሦስት ነገር፣ ያውም እርስ በርሳቸው በሚሊሜትር ለሚራራቁ ሦስት ነገሮች!

ከጥቂት ዓመታት በፊት በከተማው ዳርቻ ድንጋይ በመጥረብ የሚተዳደር ጎልማሳ የድንጋይ ፍንጣሪ ዓይኑን መትቶት መጣ። ምቱ አይሪሱን ከሥሩ በአንድ በኩል ስለ ለየው ክብ የነበረው ቀዳዳ አንድ ጎኑ ቀጥ ብሎ ነበር። አስቀድሞ የታየበት ቦታ የሰጠው ወረቀት በአማርኛ «የብሌን ጉዳት» ይላል። ቤተሰቡ ይህን አንብቦ ለአራት ወር ያህል የብሌን ለጋሽ እስኪገኝ ብሎ ቤት ውስጥ አስቀምጦታል። የእርሱ ኮርኒያ ግን ጤናማ ነበር፤ አይሪስ ደግሞ ከሰው ወደ ሰው አይተከልም። በዚያ አራት ወር ውስጥ የዓይኑ ግፊት ከፍ ብሎ ነርቩን ጎድቶት አገኘነው። ያን ወረቀት ሳስበው እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል። የጻፈው ሰው ጉዳቱን በትክክል አይቶት ነበር፤ ሊጽፍበት የሚችል ሌላ ቃል ግን አልነበረውም።

ተርጓሚው፣ ሱሉልታ

የእኅታችን ታሪክ በእጅጉ ነክቶኛል፤ ሆኖም መፍትሔውን በሚመለከት የተለየ ሐሳብ አለኝ።

አይሪስን አይሪስ ብለን ብንተወው ምን ይጎድልብናል? ሌንስ፣ ሬቲና፣ ኮርኒያ ብለን ተቀብለን የለም ወይ? ሰው ሠራሽ ቃላት በየጊዜው ተፈጥረው በመዝገብ ውስጥ ብቻ ሲቀሩ አይተናል። አንድ ቃል ብዙ ነገር መሰየሙም በራሱ ነውር አይደለም፤ የራሳችንን «ዓይን» ተመልከቱ፤ ዓይነ ርግብ መሸፈኛ ነው፣ ዓይነ ጥላ ሌላ ነው፣ ዓይነ ምድርም ሌላ ነው፤ እነዚህን የሚያምታታ አማርኛ ተናጋሪ ግን አላውቅም። አይሪስም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1847 ጆን ራስል ሃይንድ ከለንደን ሆኖ ያገኛትና 200 ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያላት ንዑስ ፕላኔት አይሪስ ትባላለች፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ፀሐይን ሊመረምር የተላከው የአሜሪካ ሳተላይትም አይሪስ ነው። ለአንዱ አማርኛ ብናወጣለት ለሌሎቹ ምን ልንል ነው?

የቂሊንጦው ተማሪ

ጋሼ ተርጓሚው፣ በአክብሮት አንድ ነገር ልመልስ። ዓይነ ርግብና ዓይነ ጥላ የማይምታቱት ሁለተኛው ቃል አብሯቸው ስለሚቆም ነው። ብሌን ግን ብቻውን ይቆማል፤ እናቴ ስትሰማው የትኛው እንደሆነ የሚነግራት ሁለተኛ ቃል አልነበረም። «አይሪስ» ብቻውን ሲነገራት ደግሞ ምንም አልነገራትም፤ ስለዚህ ነው «ምንድን ነው?» ብላ የጠየቀችው። የውሰት ቃል ትርጉሙን አስቀድሞ ለሚያውቅ ይጠቅማል፤ ለማያውቅ ሰው ግን የግድ በሌላ ቃል መፈታት አለበት፤ ያ መፍቻ ቃል ዛሬ ብሌን ሆኖ ተገኝቷል።

የአበባ እርሻ ሠራተኛ፣ ሆለታ

ስለ አበባው የተጻፈ ስለሌለ እኔ ልጨምር። የምሠራበት እርሻ የሚያመርተው ጽጌረዳ ብቻ ነው፤ አይሪስን ያወቅሁት ለአበባ ገዢዎች በሚላኩ ስዕሎችና አንድ ጊዜ ሥልጠና ላይ በእጄ ይዤው ነው። ሦስት ቅጠሎቹ ወደ ላይ ይቆማሉ፣ ሦስቱ ወደ ታች ይዘነበላሉ፤ ወይን ጠጁ፣ ቢጫው፣ ነጩ፣ ሰማያዊው አንዳንዴ በአንድ አበባ ላይ ይገናኛሉ። የቀስተ ደመና ስም የተሰጠው ለምን እንደሆነ ያየው አይጠይቅም። 300 ያህል ዝርያ እንዳለው ተምረናል፤ ሁሉም በተፈጥሮ የሚበቅሉት በሰሜናዊው የምድር ክፍል ነው። ከአበባው ይልቅ ሥሩ ውድ መሆኑም ያስደንቃል፤ የአንዳንዶቹ ዝርያዎች ሥር ተቆፍሮ፣ ተልጦ፣ ለዓመታት ከደረቀ በኋላ ነው ሽታው የሚወጣው፤ ሽቶ ሠሪዎችም ይፈልጉታል።

የእኛ አገር አይሪስ የለውም፤ ዘመዶቹ ግን አሉ። ክረምቱ ወጥቶ መስኩ ገና ጨቀጨቅ በሚልበት ጊዜ፣ በሆለታና በመናገሻ በኩል ወይን ጠጅ ቀለም ያላት፣ ከሣሩ ብዙም ከፍ የማትል አበባ ትታያለች። በሳይንስ ስሟ ሞሬያ ሺምፔሪ ትባላለች፤ ስሙ እ.ኤ.አ. ከ1837 ጀምሮ እስከ ሞተበት እስከ 1878 ድረስ በአገራችን ዕፀዋት ሲሰበስብ ለኖረው ለጀርመናዊው ቪልሄልም ሺምፐር መታሰቢያ ነው። አይሪስን የሚያውቅ የውጭ ሰው ሲያያት «አይሪስ» ብሎ ይጠራታል፤ ግን አይደለችም፤ የአይሪስ ሥር ብዙውን ጊዜ እንደ ዝንጅብል እየተንፏቀቀ የሚሄድ ሲሆን የእርሷ ከመሬት በታች እንደ ትንሽ ሽንኩርት የተቋጠረ ነው። ነጭ ሆና ጉሮሮዋ ወይን ጠጅ የሆነችው፣ መዓዛዋም የሚያውደው የደጋ ግላዲዮለስም ከዚሁ ቤተሰብ ናት፤ በውጭ አገር አትክልት ወዳዶች ዘንድ በሐበሻ ስም ትታወቃለች።

ችግኝ ጣቢያዎች በየመንገዱ አካፋይ ላይ የሚተከለውን፣ ነጭ አበባ ያለውን ተክል «የአፍሪካ አይሪስ» ብለው ይሸጡታል። ትክክለኛ ስሙ ዲየትስ ነው፤ የስሙ ፍቺ «ሁለት ዘመድ ያለው» ሲሆን ዘመዶቹም አይሪስና ሞሬያ ናቸው። የአበቦቹን ስም ማጥራት ለእኔ የሥራ ጉዳይ ብቻ አይደለም። የሜዳችንን አበባ በሌላ አገር አበባ ስም ስንጠራት የራሷ ነገር ሁሉ ይረሳል፤ ልጆቼም እንዲያ ሆነው እንዲያድጉ አልፈልግም።

የካሜራ ባለሙያ፣ ለገጣፎ

በእኛ ሙያ አይሪስ ማለት በሌንስ ውስጥ የተነባበሩት ስስ ብረቶች ናቸው፤ ቀለበቱን ስናዞረው መካከላቸው ያለው ቀዳዳ ይሰፋል ወይም ይጠባል። ከቤት ውጭ ሠርግ ስንቀርጽ፣ በተለይ የሙሽራዋ የሐበሻ ቀሚስ በቀትር ፀሐይ ሲያበራ፣ ለረዳቴ «አይሪሱን ዝጋው» እለዋለሁ። ከ4 ወደ 5.6፣ ከ5.6 ወደ 8 ባዞረው ቁጥር የሚገባው ብርሃን በግማሽ ይቀንሳል። እኅታችን የዓይን ነርስ ስለ ዓይኑ የጻፉትን ሳነብ አንድ ጥያቄ መጣብኝ፦ የዓይናችንስ ክበብ እንዲህ ይከፈታል ይዘጋል ማለት ነው?

የዓይን ነርሷ፣ ዓለም ገና

ወንድሜ፣ በትክክል። አይሪስ ቀለም ብቻ አይደለም፤ በውስጡ ሁለት ጡንቻዎች አሉት። አንደኛው ቀዳዳውን ዙሪያውን ከብቦ የሚይዝ ሲሆን ሲኮማተር ቀዳዳውን ያጠበዋል፤ ሁለተኛው እንደ መንኮራኩር ዘንግ ከመካከል ወደ ዳር የተዘረጋ ሲሆን ሲኮማተር ቀዳዳውን ይከፍተዋል። በዚህም ቀዳዳው ከ2 ሚሊሜትር እስከ 8 ሚሊሜትር ሊደርስ ይችላል። ዕድሜ ሲገፋ ክፍተቱ እያነሰ ይሄዳል፤ አረጋውያን ከፀሐይ ወደ ጨለማ ቤት ሲገቡ ለማየት የሚቸገሩበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ስለ ቀለሙም አንድ ነገር ላንሣ፤ የኢትዮጵያውያንን ዓይን ይመለከታልና። የአይሪስ ቀለም የሚወሰነው ቆዳችንን በሚያጠቁረው በዚያው ሜላኒን መጠን ነው። ሰማያዊ ዓይን ያለው ሰው በዓይኑ ውስጥ ሰማያዊ ቀለም የለውም፤ ሜላኒኑ ጥቂት ስለሆነ ብርሃኑ ሲበተን ሰማያዊ መስሎ ይታያል። የእኛ ዓይን ግን ሜላኒኑ ብዙ ነውና በመስታወት ስናየው ክበቡ ከመካከለኛው ጥቁር ብዙም አይለይም። ብሌንና አይሪስ በአንድ ስም የተጠሩልንም ምናልባት በዚህ ይመስለኛል፤ ዓይናችን ራሱ አልለያቸውም። የምዝገባ መሣሪያዎቹ የሚጠቀሙት ደግሞ ሰው የማያየውን፣ ከቀይ ቀጥሎ ያለውን ብርሃን ነው፤ በዚያ ብርሃን ሜላኒን ስለማይከልለው የጥቁር ዓይን ክሮችና ጉድጓዶች ቁልጭ ብለው ይወጣሉ። ይህ ቅርጽ ሕፃኑ ገና በማኅፀን ሳለ የሚሠራ ሲሆን መንትዮች እንኳ አይጋሩትም፤ የአንድ ሰው ቀኝና ግራ ዓይንም የተለያየ ነው። ቅርጹን ወደ ቁጥር ለውጦ የሚያነጻጽረውን ዘዴ የካምብሪጁ ጆን ዶግማን እ.ኤ.አ. በ1994 የፈጠራ መብት አስመዝግቦበታል። «የዓይን አሻራ» የሚለው አባባል ለምዝገባው ጥሩ መግለጫ ነው፤ ግን የሚገልጸው ምስሉን ነው፣ አካሉን አይደለም። ታካሚን «የዓይን አሻራህ ቆስሏል» ልለው አልችልም።

ከፉሪ ተራራ ግርጌ

እስካሁን ያልተነሣ አይሪስ ከቤቴ በላይ ስላለ ልጨምረው። ፉሪ ተራራ ላይ፣ ከባሕር ጠለል 2,570 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፣ የመሬት መንቀጥቀጥን የሚመዘግብ ጣቢያ አለ። ጣቢያው በዓለም ዙሪያ 150 ያህል ጣቢያዎችን ያቀፈ መረብ አካል ሲሆን ስሙም በዓለም ላይ «ፉሪ» ተብሎ ነው የተመዘገበው። መረቡን ከሚያስተባብሩት መካከል እ.ኤ.አ. በ1984 የተቋቋመው የአሜሪካ የርዕደ መሬት ምርምር ተቋማት ኅብረት ይገኝ ነበር፤ የእንግሊዝኛ ስሙ የመጀመሪያ ፊደላት ሲገጣጠሙ «አይሪስ» ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2023 ከሌላ ተቋም ጋር ተዋሕዶ ኧርዝስኮፕ ተብሏል። ታኅሣሥ 26 ቀን 2017 ዓ.ም. ሌሊት በፈንታሌ አካባቢ የተነሣው መንቀጥቀጥ እኛንም ከእንቅልፍ ሲቀሰቅሰን፣ ጎረቤቶቼ በስልካቸው ሲፈልጉ «አይሪስ» የሚል ስም ያለበት የድሮ ገጽ አግኝተው የሴት ተመራማሪ ስም መስሏቸው ነበር። ይህኛው አይሪስ ከቀስተ ደመና ጋር የሚያገናኘው የፊደላት መገጣጠም ብቻ ነውና ብዙ አልቆይበትም።

ሌላ የምለው አለኝ። በቤታችን የምንናገረው ኦሮምኛ ነው፤ በኦሮምኛ ቀስተ ደመና «ሰበታ ዋቃዮ» ይባላል፤ የእግዚአብሔር መቀነት ማለት ነው። መምህር ቀስቱን ትተህ ክቡን ያዝ ሲሉ ትዝ ያለኝ ይህ ነው።

አንጋፋው መምህር፣ ሰበታ

ልጄ፣ ትልቅ ነገር ተናገርህ። በአማርኛስ ቢሆን ቀስተ ደመና የመጽሐፉ ስም ነው እንጂ እናቶቻችን «የማርያም መቀነት» አይደል የሚሉት? ይህን ረስቼው ግሪኩን ሳብራራ ነበር። ግሪኮች ዓይኑን በቀስተ ደመና የጠሩት ቀለሙን አይተው ነው። የእኛ ሰው ደግሞ ቀስተ ደመናን ሲያይ መቀነትን አስቦ ሰየመው፤ ወገብን የሚዞር፣ ዳርና ዳሩ ጥለት ያለው። ስለዚህ ነርሷ እኅታችን የሚገልጹት ክበብ በአማርኛ ስም ይሰጠው ቢባል «የዓይን መቀነት» ማለት የሚያስኬድ ይመስለኛል። «የማርያም» የሚለውን ግን ለሰማዩ እንተውለት፤ ወደ ሐኪም ቤት የሚመጣው የሁሉም እምነት ሰው ነው።

ተርጓሚው፣ ሱሉልታ

እስካሁን ከቀረቡት ሁሉ ይህ የተሻለ መሆኑን አልክድም። ሆኖም መቀነት የሚታሰር ጨርቅ ነው፤ የአካል ክፍል ስም ሆኖ ሲሰማ ታካሚው ዓይኑ ላይ የሚጠመጠም ፋሻ ሊመስለው አይችልም? ደግሞስ አበባውና የካሜራው ክፍል መቀነት ሊባሉ ነው?

የቂሊንጦው ተማሪ

አበባው አይሪስ ሆኖ ይቀጥል፣ የእኛ አገር ተክል አይደለምና። የካሜራ ባለሙያዎችም የለመዱትን እንዲቀይሩ የሚጠይቅ የለም። ግሪኮች ሁሉንም በቀለም ስላሰሯቸው እኛም ሁሉንም አንድ ላይ እንድናስር የሚያስገድደን ነገር አላየሁም። ስም የሚያስፈልገው ስም በማጣቱ ሰው የሚጎዳበት ነው።

ፋሻ ይመስላል ለሚለው ግን መልስ የምትሰጥ እናቴ ናት ብዬ የሁላችሁንም ጽሑፍ ትናንት ማታ አነበብኩላት። ስለ አበባዎቹ ስታዳምጥ «እቺን ወይን ጠጇን በልጅነቴ አውቃታለሁ» አለችኝ። ሁለቱን ጡንቻዎች ስደርስ አስቆመችኝና እንደገና አስነበበችኝ። ከዚያም «መቀነት ማለትማ ትክክል ነው፤ መቀነት ይጠብቃል፣ ይላላል። ሥራ ሲበዛብሽ ታጠብቂዋለሽ፣ ማታ ታላይዋለሽ። የእኔም ዓይን በፀሐይ ሲጠብቅ በማታ ሲላላ ኖሯል ማለት ነው» አለች። መጀመሪያ በቀለም፣ ቀጥሎ በክብነት ስንነጋገር ከረምን እንጂ በሥራው መስሎ የታየን እስካሁን አልነበረም።

ተርጓሚው፣ ሱሉልታ

እናትህ ካሉት በኋላ ተቃውሞዬን አንሥቻለሁ። በምተረጉማቸው የጤና ጽሑፎች ላይ በመጀመሪያው ቦታ «የዓይን መቀነት፣ ማለትም አይሪስ» ብዬ፣ ኮርኒያን በስሙ፣ ብሌንን ደግሞ ለመካከለኛው ቀዳዳ ብቻ ልጠቀምበት ወስኛለሁ። የልገሳውን ቅስቀሳ ግን ከለመደው ስም ማላቀቅ ይቻላል ብዬ አላምንም፤ ሰው ዓይኑን ለመለገስ ቃል የገባበትን ቃል ነጥቀን ብናሳስተው ጉዳቱ ይበልጣል።

የዓይን ነርሷ፣ ዓለም ገና

በልገሳው ነገር ከእርስዎ ጋር ነኝ። የቀረውን ዛሬ ጠዋት በሥራ ላይ ሞከርኩት።

የስኳር ሕመም ያለባቸው አንድ አባት የዓይናቸው ውስጠኛ ክፍል እንዲታይ ጠብታ ሊደረግላቸው ነበር። ከዚህ በፊት «ብሌንዎን የሚያሰፋ ጠብታ ነው» ስል ብዙዎች ይሰጋሉ፤ ብሌን ከሰፋ ተመልሶ የማይጠብ ይመስላቸዋል። ዛሬ ግን ባትሪ አብርቼ የልጃቸውን ዓይን አሳየኋቸውና፣ ብርሃኑ ሲመጣ ክበቡ እየጠበበ ሲሄድ በዓይናቸው እያዩ፣ «ይህ የዓይን መቀነት ይባላል፤ ጠብታው ለጥቂት ሰዓት ያላላዋል፤ እስከዚያ ድረስ ፀሐይ ይበዛብዎታል፣ ቅርብ ያለ ጽሑፍም ይደበዝዝብዎታል» አልኳቸው። አባት ጠብታውን ያለ ፍርሃት ተቀበሉ። ምርመራው አልቆ ባርኔጣቸውን ወደ ግንባራቸው ዝቅ አድርገው ሊወጡ ሲሉ «ልጄ፣ መቀነቱ ተመልሶ የሚጠብቀው መቼ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። የተደረገላቸው ትሮፒካማይድ ስለነበር ከ4 እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ እንደሚመለስ፣ እስከዚያም መንገድ ሲሻገሩ የልጃቸውን እጅ እንዲይዙ ነገርኳቸው።